ካርታው ስልክ ውስጥ ገባ! ዳኛውስ የት ገባ?

ጭሮ ውስጥ (የድሮ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት) ካርታ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ በርጫው ሞቅ ሲል፣ ገራባው ጠረግ ጠረግ ይደረግና ኮንከር ይዘረጋል። አንዳንዴ በሻይ፣ አንዳንዴ በለስላሳ፣ ጨከን ካሉም በገንዘብ። ግን ያ ካርታ ዳኛ ነበረው። «ኧረ አቦ፣ የልጁን ኪስ አራገፋችሁት'ኮ፣ ይበቃል!» የሚል ታላቅ ሰው ከመሃል አይጠፋም። የበላህን ሰው ፊቱን ታውቀዋለህ። በማግስቱ ጫት ተራ ስታገኘው ቢያንስ ሻይ ይጋብዝሃል።

አሁንስ? ጎረምሳው ከጓደኞቹ መሃል ተቀምጦ፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ ስልኩ ላይ አፍጦ ይበላል። («በ»ን አጥብቃችሁ አንብቡልኝ!) ማን እንደበላው አያውቅም። ጎኑ ያለው ጓደኛው እንኳ መበላቱን አያውቅም።

ይህን ያነሳሁት በአንዲት የመሰላ ልጅ ምክንያት ነው። ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ፣ ቀን መቁረጥ ብቻ ነው የቀረው። እጮኛዋ ጫት ነጋዴ ነው፤ ገንዘብ በየቀኑ እጁ ይገባል። ታዲያ በቀደም ከጓደኞቹ ጋር የገባበትን ዕቁብ 40 ሺህ ብር ወስዶ ኢንተርኔት ላይ ፖከር ይጫወትበታል። ቺፕሱን የሚገዛው በቴሌግራም ከሚያውቀው ሰው በብር ነው። «አሁን ሒሳቤ 900 ዶላር ደርሷል» ይላታል። ስትቆጣው ደግሞ «ፖከር ቁማር አይደለም፣ ችሎታ ነው» ይላታል። «እውነቱን ነው ወይ? ላግባው ወይስ ልተወው?» ነው ጥያቄዋ።

ልጅቷን ባላስቀይማት ደስ ይለኛል፣ ግን እጮኛዋ ግማሽ እውነት ይዟል። ሎተሪ ስትቆርጥ ምንም ብታውቅ ዕድልህ ያው ነው። ፖከር ላይ የምትጫወተው ከሰው ጋር ነው። መቼ ካርታውን ጥሎ መውጣት እንዳለበት የሚያውቅ፣ ሒሳብ የሚሰላ ሰው ውሎ አድሮ የማያውቀውን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የአሜሪካ ቴኔሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ከ100 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ተወዳድሮ ለዓለም ሻምፒዮና አለፈ፤ ከዚያም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የአባት ስሙ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት መሆኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው! ከእሱ በኋላ የዓለም ጎረምሳ ሁሉ ኮምፒዩተር ላይ ተሰየመ።

የቀረው ግማሽስ? ያንን ቺፕስ ሻጩ አይነግርህም። ቤቱ ከየዙሩ ቆርጦ ይወስዳል። ስድስት እኩል ችሎታ ያላቸው ልጆች አንድ አንድ ሺህ ብር ይዘው ተቀመጡ እንበል። በየዙሩ 600 ብር ይሰበሰባል፣ ቤቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 30 ብር ያነሳል። 20 ዙር ሲጫወቱ 600 ብር ከጠረጴዛው ወጣ። ስድስት ሺው 5,400 ሆነ። ማንም ጎበዝ አልሆነ፣ ማንም ሰነፍ አልሆነ፣ ቤቱ ግን በላ። እንግዲህ አንተ ለማትረፍ ከሌሎቹ መሻል ብቻ አይበቃህም፣ የቤቱንም ድርሻ ሸፍነህ መሻል አለብህ።

ደግሞስ ከማዶ ያለው ሰው ነው ያለው ማነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና የፌስቡክ ተመራማሪዎች «ፕሉሪበስ» የሚባል ፕሮግራም ሠርተው ባለ ስድስት ሰው ፖከር ላይ የዓለም ጎበዞችን አሸነፈ። የጭሮ ልጅ «አቦ፣ አነበብኩት!» ብሎ የሚፎክርበት ባላንጣ ፊት የሌለው፣ የማይመረቅን፣ የማይደክመው ማሽን ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ይቅርና፣ ገንዘቡ ራሱ አለ ወይ? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ አቃቤ ሕግ የሦስት ትልልቅ የፖከር ድርጅቶችን ሰዎች ሲከስስ ድረ ገጾቹ ተዘጉ። ፉል ቲልት የሚባለው ድርጅት ጉዱ ወጣ። ለተጫዋቾቹ ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለበት፣ ባንክ የተገኘው ግን 60 ሚሊዮን ገደማ! ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ ያየው ቁጥር ቁጥር ብቻ ነበር። የአሜሪካ ተጫዋቾች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረው በ2014 ነው፣ ያውም መንግሥት ከኋላቸው ስለቆመ። የመሰላው እጮኛ «900 ዶላር አለኝ» ሲል ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ለእሱ ማን ይቆምለታል?

የእኛ አገር የዕድል ጨዋታ ሕግ የተወለደው በወረቀት ዘመን ነው። ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ያኔ ዕድል ማለት አዟሪው «የነገ ሚሊየነር!» እያለ የሚሸጠው ትኬት ነው። ኋላ መሥሪያ ቤቱ ለእግር ኳስ ውርርድ ፈቃድ መስጠት ጀመረ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት ተብሎ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ስር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። መንግሥት ከሚበላው ላይ ድርሻውን ያውቃል፤ ስለሚበላው ልጅ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም።

ውርርድ ቤቶቹ በየከተማው ሲፈሉ ወላጅ ጮኸ፤ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በገፍ ታሸጉ። ጥሩ። ግን ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየኪሱ ገብቷል። ቤቱ ሲታሸግ ልጁ ስልኩን ከፈተ። ቢያንስ እዚያ በር ላይ «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፣ ፖሊስም ገብቶ ማየት ይችላል። ስልክ ውስጥ ማን ይገባል?

ሕንድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ባወጣችው ሕግ በኢንተርኔት በገንዘብ የሚደረግን ጨዋታ፣ ፖከርንም ጨምሮ፣ ችሎታ ነው ዕድል ነው ሳትል ከለከለች። አሜሪካ ደግሞ ኔቫዳ፣ ዴላዌርና ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቃድ እየሰጡ አስጀመሩት። እኔ ከተጠየቅኩ ክልከላው ብቻውን ቺፕስ ሻጩን ነው የሚያበለጽገው ባይ ነኝ። ፈቃድ ይሰጥ ከተባለ ግን የምር ይሁን። ተጫዋቹ በመታወቂያው ይመዝገብ። የተጫዋች ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ ባንክ ይቀመጥ። በወር ማስገባት የሚቻለው ብር ጣሪያ ይኑረው። «እኔን ዝጉኝ» ያለ ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ይዘጋ። ያኔ ቢያንስ አቤት የሚባልበት በር አለ።

አንቺ ግን ሕጉ እስኪወጣ አትጠብቂ። ነገውኑ «900 ዶላሩን አውጥተህ በብር አሳየኝ» በይው። «ዛሬ ኔትወርክ የለም»፣ «አሁን ካወጣሁት ኮሚሽን ይቆርጡኛል»፣ «ሺህ ይሙላና» የሚል መልስ ከመጣ ገንዘቡ የለም ብለሽ ቁጠሪው። ካወጣው ደግሞ ጎሽ፤ መጀመሪያ ለዕቁቡ ይግባ፤ ዕጣ ያልደረሳቸው ጓደኞቹ አሉ። ካስገባው ገንዘብና ካወጣው የትኛው እንደሚበልጥም የቴሌብሩን መዝገብ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ደምሩት። መዝገቡን ለማሳየት እምቢ ካለ ሽማግሌዎቹ ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ለአባትሽ ባይሆን ለእናትሽ ንገሪያት። የሠርጉ ካርድ ገና አልታተመም ብለሽኛል፣ አይደል?