አይኪዶና ዱላው

ጉንደ ወይን ገበያ ወጥቶ ዱላ ያልያዘ ገበሬ መፈለግ ድካም ነው። ስለዚህ የጃፓኑን የትግል ጥበብ አይኪዶን ለጎጃም ሰው ለማስተዋወቅ ከዱላው መጀመር ይሻላል።

የአይኪዶ ዱላ ጆ ይባላል። ቀጥ ያለ፣ ርዝመቱ 128 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ እንጨት ነው። እንደ እኛ ዱላ ራስና እግር የለውም፤ ሁለቱም ጫፉ እኩል ነው። ተማሪው እጁን በእንጨቱ ላይ እያንሸራተተ በአንዱ ጫፍ ይወጋል፣ ወዲያው አዙሮ በሌላው ይመታል። አጥብቆ ከጨበጠው ዱላው አይንሸራተትም፤ ካላላው ከእጁ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ይህን ልክ ማግኘቱ ነው። ከጆ ሌላ ቦከን የሚሉት ጎበጥ ያለ የእንጨት ሰይፍና ታንቶ የሚሉት የእንጨት ቢላዋ አለ።

ባዶ እጅን የሚያምን ጥበብ መሣሪያ ለምን ያስፈልገዋል? መሥራቹ ሞሪሄይ ኡዬሺባ (1883–1969 እ.ኤ.አ.) ሆካይዶ ላይ ከታኬዳ ሶካኩ ትግል የተማረ፣ በሰይፍና በጦርም የሠለጠነ ሰው ነበር። ሰይፍ ከላይ ሲወርድበት የአይኪዶ ሰው ወደ ኋላ አይሸሽም፣ ፊት ለፊትም አይጋፈጥም። በሰያፍ ወደ ፊት ገብቶ ከመቺው ጎን ይቆማል፤ የመቺው ጉልበት ባዶ ቦታ ላይ ያልፋል። ባዶ እጅ ለባዶ እጅ ሲገጥሙም እርምጃው ይኸው ነው። መቺው ይወድቃል፣ ግን አጥንቱ እንዳይሰበር ተደርጎ። ፍልስፍናው በሙሉ እዚህ እርምጃ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህም አብዛኛው የአይኪዶ ዘርፍ ውድድር የለውም። ጥንዶቹ መቺና ተመቺ እየሆኑ ይቀያየራሉ፤ ሳይጎዱ መውደቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ውድድር ስለሌለው የእውነት ጠብ ላይ አይረዳም የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ዱላ ስንት ሰው ለደም እንዳበቃ በሚያውቅ አገር፣ የመታውን ሳይጎዳ ማስቆም የሚለማመድ ወጣት ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ልብሱ ሲያዝ እንዳይቀደድ ከወፍራም ጥጥ የተሰፋ ነጭ ሸሚዝና ሱሪ ነው። የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል፤ በጃፓን ቀኙን ከላይ አድርገው የሚያለብሱት አስከሬንን ነው። ከዚያ በላይ የሚታጠቁት ሐካማ ከፊት አምስት፣ ከኋላ ሁለት እጥፋት ያለው ሰፊ ሱሪ ነው። በብዙ ቦታ ጥቁር ቀበቶ ያገኙት ብቻ ይለብሱታል።

አይኪዶን ወደ እኛ ያደረሰውን መንገድ ካቀኑት አንዱ የኢትዮጵያ ወዳጅ ናቸው፦ በቅኔ ስልት የሰየሙትን «ሰምና ወርቅ» የተባለ መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ራሳቸውንም ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ ይሉ የነበሩት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂን ከአይኪዶ ጋር አዛምደው ያስተምሩ ነበር። አይኪ ኤክስቴንሽንስ የተባለ ማኅበርም መሠረቱ፤ ሐዋሳ ላይ በቴአትር ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምሩ የነበሩ ወጣቶች አይኪዶን የጀመሩት በዚህ ማኅበር ድጋፍ ነው። ሌቪን በ2015 እ.ኤ.አ. አረፉ።