ከባዶ ክፍል የሚጀምር ሙዚቃ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። ከቢስቲማ እስከ ውጫሌ ባለው ሰርግ ብዙ ሰው የጨፈረው በእኔ ስፒከር ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ውስጥ ገመድ ስጎትት ነበር። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ከሙዚቀኛው በፊት የሚያየው ክፍሉን ነው፤ ጣሪያው ኮርኒስ አለው ወይ፣ ሰው ሲሞላ ድምፁ የት ይሄዳል። ለዚህ ይሆናል የካዛንቺስ መፍረስ ሲነሳ ሌላው ለሙዚቀኛው ሲያዝን እኔን የሚቆጨኝ ክፍሉ የሆነው።

ደርግ ወድቆ የሰዓት እላፊው ሲቀር አዝማሪ ቤቶች ካዛንቺስ ላይ እንደ አሸን ፈሉ። የዚያን ዘመን ድምፅ «ኢትዮፒክስ» ከተባለው ተከታታይ የአልበም ስብስብ ሁለተኛው ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ሲጨፍርበትና ሲያድርበት የነበረውን ፈንዲቃ የተባለ አዝማሪ ቤት ተረከበ፤ «ኢትዮከለር» የተባለውን ቡድንም አቋቋመ። የሆላንዱ ፓንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» ደግሞ ከሳክስፎኑ ሸላይ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም አወጣ፤ መላኩም ከእነሱ ጋር መድረክ ላይ ጨፍሯል። የካዛንቺስ ሙከራ በጠባብ ቤት ውስጥ መብቀሉ ለእኔ አያስገርመኝም። አዝማሪ ድሮም ሥራው ከእንግዳ አፍ የወጣውን ተቀብሎ መመለስ ነው፤ ጊታር ይዞ የገባ ፈረንጅም ለእሱ አንድ እንግዳ ነው።

ለምሳሌ የአምባሰልን ቅኝት ልውሰድ፤ አገሩ እዚሁ ነው። በዚህ ቅኝት ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ይላል። ኪቦርድ ላይ ያ ርቀት የተቆረጠ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ግን በጣቱ ያንሸራትተዋል፤ ሲከፋው ዝቅ፣ ሲሞቅለት ከፍ። ከሥሩ ቤዝ ጊታር ሲገባ ሁለቱ ይጋጫሉ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጫዋቹ ቤዙን በደረቱ ስለሚሰማው ወይ ይጠጋል፣ ወይ ሆን ብሎ ይርቃል፤ አዲሱ ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚሰማው እኔ በሞኒተር የላክሁለትን ብቻ ነው። ፒክአፕ ከቆዳው ላይ እለጥፋለሁ፣ ድምፁ ሲጨምር ያፏጫል፣ በኢኳላይዘር እቆርጠዋለሁ። ከፉጨቱ ጋር የጭራው ሻካራነትም አብሮ ይቆረጣል። ፀጉር ከፀጉር ሲፋተግ የሚሰማው ያ ነገር ከሌለ ደግሞ ማሲንቆው ማሲንቆ አይደለም።

ሌላው ገንዘብ ነው። አዝማሪ ቤት የሚሸጠው ቢራ እንጂ ትኬት አይደለም። ሩብ ሰዓት የማይጣፍጥ ነገር ቢጫወቱ ማንም ገንዘቤን መልሱ አይልም፤ ቢራውን ጨልጦ ይጠብቃል፣ ሲጣፍጠው ብር ግንባራቸው ላይ ይለጥፋል። ሙከራ ኪሳራውን የሚሸፍንለት ይፈልጋል፤ ካዛንቺስ ውስጥ የሸፈነው ጠጪው ነበር። ተጫዋቹም እዚያው ጓሮ ክፍል ተከራይቶ ስለሚኖር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ታክሲ አያሳስበውም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የኮሪደር ልማት የተባለው የከተማው ግንባታ ካዛንቺስን ሲያነሳ ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለዶዘሩ ሰጠ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ከዚያ በፊት ስንቱ ቤት ክራሩንና ከበሮውን አሰናብቶ በአንድ ኪቦርድ ተክቶ ነበር። ፈንዲቃ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር እንጂ ከብዙዎች አንዱ አልነበረም። ዶዘሩ ግን የወሰደው ሊመለስ የማይችለውን ነው፦ ጓሮ ክፍሉን፣ በእግሩ የሚመጣውን ጠጪ፣ ርካሹን ኪራይ። ሙዚቀኛውማ ሆቴልም ገብቶ ይጫወታል።

ከአምባሰል የመጣ አንድ ወጣት ማሲንቆ ተጫዋች አለ፤ ሰርግ ላይ አብረን እንሠራለን። ስልኩ ላይ ከሠራው ቢት ጋር ማሲንቆውን ሊያዋህድ ይፈልጋል። «ጋሼ፣ መጋዘኑ ውስጥ ማታ ማታ ብንሞክርስ?» አለኝ። በሁዳዴ ሰርግ ስለሚቀንስ ስፒከሮቹ በብዛት ተደርድረው ነው የሚከርሙት፤ ክፍሉ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳው ድምፅ አያስተጋባም። እሺ አልኩት። ባለቤቴ ግን ሰምታ «ለሚመጣው ሰው ቡናውን ማን ሊከፍል ነው?» አለች። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም፤ ለጊዜው እኔ እየከፈልኩ ነው።