ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም፦ ተረቱና እውነታው

ጣቱን ከጆሮው ፊት አሳርፎ አፉን ቀስ ብሎ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው፣ ከቆዳው ሥር ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት አጥንት ይዳስሳል፤ ይኸውም የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚጋጠምበት፣ እንደ በር ማጠፊያ ከመታጠፉም በላይ ወደ ፊት የሚንሸራተት፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከልም ስስ ልም አጥንት እንደ ትራስ የተነጠፈበት መገጣጠሚያ ነው። ስንበላ፣ ስንናገርና ስናዛጋ ሳይታክት የሚያገለግለን ይህ ብልት ሲታመም ግን፣ ሕመሙ ራሱን ሰውሮ የጆሮ፣ የጥርስ ወይም የራስ ምታት መስሎ ስለሚታይ፣ ብዙ ሐሰተኛ አስተያየት በዙሪያው ተሰብስቧል፤ ከዚህም አንዳንዱ ሰውን ጤነኛ ጥርሱን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ተረት፦ «መንጋጋዬ ቋ ቋ ካለ ተበላሽቷል።»

እውነታ፦ ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከስፍራው ጥቂት የፈለሰው ልም አጥንት አፍ ሲከፈት ወደ ቦታው ሲመለስ ነው፤ ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎችም ይሰሙታልና ድምፁ ብቻውን ሕክምና አይሻም። ሐኪም ማማከር የሚገባው ሕመም ሲጨመርበት፣ ወይም ለወትሮው 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሚከፈተው የአዋቂ ሰው አፍ፣ የባለቤቱን ሦስት ጣቶች ደርቦ ማስገባት ሲሳነው ነው።

ተረት፦ «ሕመሙ የጥርስ ነው፤ ይነቀል።»

እውነታ፦ ጥርስም፣ የማኘኪያ ጡንቻም፣ መገጣጠሚያውም ስሜታቸውን ወደ አንጎል የሚልኩት በአንድ መንገድ፣ በአምስተኛው የራስ ነርቭ በኩል በመሆኑ፣ ሕመምተኛው የሕመሙን ምንጭ ቢስት አያስደንቅም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የጆሮ ሐኪም ጄምስ ኮስተን እ.ኤ.አ. በ1934 ጆሯቸውን የሚያማቸው ሰዎች የሕመማቸው መነሻ መንጋጋ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ነበር፤ የኋላ ጥርስ መጉደል መገጣጠሚያውን ነርቭ ላይ ያስጭነዋል ያለው ማብራሪያው በኋላ በሊቃውንት ቢነቀፍም፣ የመንጋጋ ሕመም በጆሮ መሰማቱ ግን የጸና እውነት ነው። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም በምርመራና በራጅ በሽታ ያላገኘበትን ጥርስ ማስነቀል ሕመሙን አያስወግደውም።

ተረት፦ «አፍ አልከፈት ካለ መንጋጋ ቆልፍ ነው።»

እውነታ፦ በተለምዶ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቴታነስ በቁስል ከሚገባ ተሕዋስ የሚመጣ፣ ከመንጋጋ ተነሥቶ መላ አካልን የሚያገትርና ፈጣን ሕክምና የሚያሻው ብርቱ በሽታ ነው። አፍ ግን በፈለሰ ልም አጥንት፣ በተኮማተረ ጡንቻ ወይም በመጨረሻ በሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ ዙሪያ በተነሣ ቁስለትም ሊቆለፍ ይችላልና፣ መለየቱ የሐኪም ፋንታ ነው። ሲያዛጋ ወልቆ ክፍት የቀረ መንጋጋም እንዲሁ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፃውያን የሕክምና ፓፒረስ፣ አውራ ጣትን ወደ አፍ አግብቶ መንጋጋውን ወደ ስፍራው የመመለስን ዘዴ መዝግቦታል፤ ይህም ከጥንት ጀምሮ የባለሙያ እጅ ሥራ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ተረት፦ «ፍቱን መድኃኒቱ ጥርስን መሞረድ ወይም ቀዶ ሕክምና ነው።»

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰባቸው ሊቃውንት፣ ኋላ ሊሻር የማይችል ሕክምና ከመሞከሩ በፊት የሚሻረው እንዲቀድም መክረዋል። አብዛኛው ሕመምተኛ የሚሻለው ለጊዜው ለስላሳ ምግብ በመብላት፣ ማስቲካንና ጫትን በመተው፣ በጡንቻው ላይ ሙቅ ጨርቅ በማኖር፣ ሐኪም ባዘዘው ማስታገሻና መንጋጋን በሚያፍታታ ረጋ ያለ እንቅስቃሴ ነው። በሐሳብና በጭንቀት ጥርሱን ነክሶ የሚውል ሰው፣ ከማኘክና ከመዋጥ በቀር ጥርስ ከጥርስ ሊነካካ እንደማይገባው ደጋግሞ ለራሱ ያሳስብ፤ ሌሊት ጥርሱን ለሚያፋጭም የጥርስ ሐኪም በልኩ የሚያዘጋጅለት መከላከያ፣ ልማዱን ባይነቅለውም፣ ጥርሱን ከመበላት ይጠብቅለታል።

ነገር ግን ትዕግሥት የማይገባበት ጊዜ አለ፤ የመንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅ ጋር የመጣበት፣ ፊቱ አብጦ ትኩሳት የያዘው፣ ወይም ዕድሜው ከ50 ያለፈና ሲያኝክ መንጋጋውን እያመመው አዲስ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ያገኘው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ። ከዚህ በቀር፣ አንባቢ ሆይ፣ የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ የተሞረደውም አይሞላምና፣ የማይመለሰውን ከመፍቀድህ አስቀድመህ የሚመለሰውን ሞክር።