በግ በምልክቱ፣ ፕሮቲን በጽሑፉ

የመንዝ እረኛ በጎቹ ከጎረቤት መንጋ ጋር ቢቀላቀሉበት በጆሯቸው ምልክት ለይቶ ያወጣቸዋል። ፕሮቲንስ? ምልክት የለውም። ከቢሊዮኖች መካከል የሚፈለገውን ብናገኝ እንኳ የተሠራበትን መመሪያ ካላወቅን ምን ይፈይዳል?

በ1997 እ.ኤ.አ. ሮበርትስና ሾስታክ መላውን አሳተሙ፤ ፒዩሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ፕሮቲኑን ከተነበበበት አር.ኤን.ኤ. ጋር ያጣብቀዋል።

ማጥራቱስ? «ኤ» ከ«ቲ» ጋር ስለሚጣመር፣ «ኤ» የተደጋገመበት የአር.ኤን.ኤ. ጭራ «ቲ» በተደረደረባቸው የማግኔት ቅንጣቶች ይያዛል። የቀረው ይታጠባል፤ ጨው ሲቀነስ የተያዘው ይለቀቃል። ፕሮቲን የሌለው ባዶ አር.ኤን.ኤ.ም አብሮ ስለሚያዝ፣ ሁለተኛው ማጣሪያ ፕሮቲኑን ራሱን ይይዛል። አለዚያ ምርቱ ከነገለባው ይሰፈራል።

እጩ መምህራን ሆይ፣ አሸዋና የብረት ብናኝ ቀላቅላችሁ በማግኔት ለይታችሁ አሳዩ፤ ተማሪው ያኔ ይገባዋል።