እንቁራሪትን በፎቶግራፍ ለይቶ ስለማወቅ
(በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

የሰብል ባለሙያ ስለ እንቁራሪት ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደሚታወቀው በቢቸና ዙሪያ ያለው ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ምንጮችና ረግረጎችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ሲጠነፈፉ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልባቸው ወይም መድኃኒት ሲረጭባቸው መጀመሪያ ከሚጠፉት ፍጥረታት መካከል እንቁራሪት አንዱ ነው። ስለሆነም የትኛው ዓይነት የት እንደሚገኝ ማወቅ ለመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ይረዳል። በተሳሳተ ስም የተመዘገበ ፎቶግራፍ ግን የጠፋውን እንዳለ አድርጎ ስለሚያሳይ ከዝምታ የባሰ ነው።

በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች ሲታወቁ፣ ከሲሶ የሚበልጡት በሌላ አገር አይገኙም። ከእነዚህ አንዱ ለእኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ማልኮልም ላርገን የተባለው የእንግሊዝ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ በአብዛኛው የሚታወቀው ከጎጃም ደጋ ነው።

ጎብኚዎች ከደን ያነሡት ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ «ከኢትዮጵያ» ከሚል በቀር ሌላ ጽሑፍ የለውም። ይህ አይበቃም። የባሌው ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ እ.ኤ.አ. በ1989 ስም የተሰጠው ሲሆን የሚታወቀው ከሐረና ደን ብቻ ነው። አፍሪክሳለስ ክላርኪ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ዝናባም ደን ነዋሪ ነው። እነዚህን ከሞጣ ገደል ሥር አገኘሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከመደነቅ በፊት ቦታውን ደግሞ መጠየቅ ይገባል። በሥዕል መጽሐፍ ወይም በስልክ ላይ መልክ ከመልክ እያስተያዩ ስም የሚሰጡም ይሳሳታሉ። ለምሳሌ የመካከለኛው አሜሪካ ባለ ቀይ ዓይኑ የዛፍ እንቁራሪት በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ስለሚወጣ ብቻ በሰው አእምሮ ውስጥ ተቀርጿል፤ በአገራችን ግን የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ቀለም ነው። በሣር መካከል ረጅም ርቀት የሚዘሉት፣ አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለና በጀርባቸው ላይ በቁመት ስንጥር የመሰለ እጥፋት ያላቸው እንቁራሪቶች ፕቲካዴና ይባላሉ። በአንድ ኩሬ ዳር አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡናማ፣ ሦስተኛው በጀርባው መሐል ነጣ ያለ መስመር የተሰመረበት ሆኖ ይገኛል። ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በባሌው ፕቲካዴና ሮቤንሲስ ላይ እንዳሳየው፣ የጀርባው መስመር መኖርና አለመኖር በአንድ ዓይነት ውስጥ ያለ የዘር ልዩነት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት የደጋ ፕቲካዴናዎች በዘር ምርመራ የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ጉርጥም ከዚህ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተገለጸው በአስመራ ስም የሚጠራው ጉርጥ 40 ክሮሞሶም ሲኖረው የቅርብ ዘመዶቹ 20 ብቻ አላቸው። ይህን ማንም ካሜራ አያነሣውም።

ታዲያ ፎቶግራፍ ምን ይጠቅማል? ቢያንስ ወገኑን ለመለየት ይበቃል። ዋናው የዓይን ብሌን ነው፤ በቁም የተሰነጠቀ ከሆነ ከሌፕቶፔሊስ ወይም ከካሲና ወገን ሊሆን ይችላል፣ አግድም ከሆነ ፕቲካዴና ወይም ጉርጥ መሆኑ ያመዝናል። ከዓይኑ ኋላ ያበጠ እጢ ያለውና ቆዳው የሻከረው ጉርጥ ነው። ከውሃ እምብዛም የማይወጣው፣ ጠፍጣፋውና በኋላ እግሩ ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር ያለው ዜኖፐስ ነው፤ ይህን ማንም ሊስተው አይችልም።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው አንድ ቆንጆ ፎቶ ከሚልክ አራት ተራ ፎቶ ቢልክ ይመረጣል፦ ጀርባውን ከላይ፣ ራሱን ከጎን፣ ሆዱንና የኋላ እግሩን ጣቶች ተዘርግተው። ለመጠን እንዲያመች አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ። ቀበሌው፣ የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይጻፍ። ሲጮኽ ከተሰማ ድምፁ በስልክ ይቀዳ፤ ወንዱ የሚጮኸው የራሱን ዓይነት ሴት ለመጥራት ስለሆነ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ አንድ ደቂቃ ድምፅ ከአሥር ፎቶግራፍ ይበልጣል።

እንቁራሪቱ ሲያዝ እጅ በንጹሕ ውሃ የረጠበ ይሁን፤ ከተነሣም በኋላ በተያዘበት ቦታ ይለቀቅ። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው መውሰድ አይገባም፤ የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ የተባለው የሻጋታ በሽታ በኢትዮጵያ ውስጥ በብዙ ቦታ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ጫማም ከጭቃ ታጥቦና ደርቆ ነው ወደ ሌላ ረግረግ መግባት ያለበት።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ረግረግ ለማጠንፈፍ ወይም ለችግኝ ለመከፋፈል ከመወሰናቸው በፊት፣ ክረምቱ እንደገባ ሁለት ወይም ሦስት ምሽት በቦታው ተገኝተው የሚያገኙትን ፎቶግራፍ ቢያስነሱና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያስረክቡ መልካም ነው። እንቁራሪት ውሃ የሚጠጣው በቆዳው ስለሆነ፣ በውሃው የገባ መድኃኒት ሁሉ ወደ ሰውነቱ ይዘልቃል። በመሆኑም ቱፎርዲም ሆነ ሌላ መድኃኒት የተረጨበት መርጫ በምንጭና በኩሬ ውስጥ አይታጠብ፤ እጣቢው ከውሃ ርቆ በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ይደፋ።