የእስፓኝ የባሕር ዳርቻ መጠጥ ቤቶች ለነጋዴ የሚሰጡት ትምህርት

ንግድ ሁሉ ትልቅ ሕንፃና ብዙ ዕቃ የሚጠይቅ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጥቂት ወንበሮች፣ አንድ ባንኮና የእሳት ማንደጃ ብቻ ይዞ ደንበኛ የሚያገኝ ንግድ መኖሩን ለመረዳት የእስፓኝን የሜድትራኒያን ዳርቻ መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር በአሸዋ ላይ የቆመ ቀላል መጠጥ ቤት «ቺሪንጊቶ» ይባላል። ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ሸምበቆ ቢሆንም፣ ከፊቱ የተዘረጋውን ባሕር የሚያህል ጌጥ በከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ ሆቴል በገንዘብ ሊገዛው አይችልም።

ስሙ ከኩባ የመጣ ነው ይባላል። በእስፓኝ የታወቀው ግን በሲትጀስ ከተማ በ1913 (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በተከፈተ የባሕር ዳርቻ ኪዮስክ ሲሆን፣ በ1949 ጋዜጠኛው ሴሳር ጎንሳሌስ ሩዋኖ ይህን ስም እንዳወጣለት ይነገራል።

የንግዱ አሠራር ጎልቶ የሚታየው በማላጋ ከተማ፣ በፔድሬጋሌሆና በኤል ፓሎ ሠፈሮች ነው። የዚያ ዋና ምግብ ሰርዲን የተባለው ዓሣ ነው። ጥቂት ዓሦች በተሾለ ሸምበቆ ይሰኩና ጨው ብቻ ተነስንሶባቸው፣ አሸዋ በሞላበት አሮጌ ጀልባ ውስጥ ከእንጨት ፍም አጠገብ ተተክለው ይጠበሳሉ። ለማስገር የማያገለግል ጀልባ ምድጃ ሆነ፤ ለወጥ ቤት ዕቃ ይወጣ የነበረው ገንዘብም ተረፈ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሰርዲን የሚሰባውና ጣዕሙ የሚያምረው በሞቃቱ ወራት ነው፤ ባሕር ዳርቻው በሰው የሚሞላውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ሸቀጡና ገዢው በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ።

ይሁን እንጂ ነጋዴው ደንበኛ የሚስብበት ባሕርና አሸዋ የእርሱ ሀብት አይደለም። የ1978 የእስፓኝ ሕገ መንግሥት ዳርቻውን የሕዝብ ሀብት አድርጎታል። በ1988 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግም ይህንኑ አጠናከረ፤ በዳርቻው ላይ በፍርድ የታወቀ ርስት የነበራቸው ሰዎች ባለቤትነታቸው ተለውጦ የ30 ዓመት የመጠቀም መብት ብቻ ተሰጣቸው፤ ይህም ለሌላ 30 ዓመት ሊራዘም የሚችል ነበር። በ2013 ሕጉ ሲሻሻል የኮንሴሲዮን ዘመን እስከ 75 ዓመት እንዲደርስ ተፈቀደ። በ2014 የወጣው ደንብ ደግሞ ከከተማ ውጭ ባለው ያልተነካ ዳርቻ ላይ አንድ የምግብና የመጠጥ ቤት ከ70 ካሬ ሜትር በላይ እንዳይዝ፣ ከዚህም ውስጥ የተዘጋው ክፍል ከ20 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከሌላውም ቢያንስ 300 ሜትር እንዲርቅ አዘዘ።

እነዚህ ቁጥሮች የንግዱን መልክ ይወስናሉ። በ20 ካሬ ሜትር ውስጥ ወጥ ቤትና ግምጃ ቤት ሲጣበቡ ብዙ ሸቀጥ ማከማቸት አይቻልም። ስለዚህ ነጋዴው በየዕለቱ ይገዛል፤ የምግቡን ዓይነት ያሳንሳል፤ ገንዘቡም በዕቃ ላይ ታስሮ አይቀመጥም። ርቀቱ መወሰኑም ከተፎካካሪ ይጠብቀዋል። በአንጻሩ ወራቱ ሲያልፍ የሚነቀል ቤት የሠራ ሰው የዓመቱን ወጪ በጥቂት ወራት ገቢ መሸፈን ግዴታው ነው።

በሐዋሳም ሆነ በጣና ዳርቻ ዓሣና መጠጥ ለሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ግንብ ከመገንባቱ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነና ፈቃዱ ለስንት ዓመት እንደሚጸና በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ የፈቃዱ ዘመን ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ የማይበቃ ከሆነ ቀላል ቤት ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ወራት አስቀድሞ ያስላ። ሦስተኛ፣ ደንበኛው የመጣው ውሃውን ለማየት ነውና በአጥርና በማስታወቂያ ሰሌዳ አይጋርደው። ዕይታውን የሚጋርድ ነጋዴ ዋናውን ሸቀጡን በገዛ እጁ ያበላሻል።