የእምኩሉ ልጆች

በወለጋ ከተሞች «ሚሽን» ሲባል ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በአንድ አጥር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና የአዳሪ ተማሪዎች ማደሪያ የያዘ ግቢ ነው። ነቀምቴም፣ አይራም፣ ደምቢ ዶሎም የየራሳቸውን ያውቃሉ። ስለ እነዚህ ግቢዎች ብዙ ጊዜ የሚተረከው የትኛው ሚሲዮናዊ ከየት አገር መጥቶ እንዳቋቋማቸው ነው። የነቀምቴው ታሪክ ግን በዚህ መልክ ሲነገር ዋናው ነገር ይቀርበታል፤ ሥራውን የጀመሩት ራሳቸው በእንዲህ ያለ ግቢ ያደጉ ኦሮሞዎች ናቸውና።

ያደጉበት ግቢ ከምፅዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በምትባል ስፍራ ነበር። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ምፅዋ ሲወርዱ ሐሳባቸው ኦሮሞ አገር መድረስ ነበር። መንገድ ግን አላገኙም። እነሱ ወደ ውስጥ መዝለቅ ሲያቅታቸው፣ የባሪያ ንግዱ የኦሮሞ ልጆችን ወደ ባሕሩ ያወርድ ነበር። ነጻ የወጡትን ተቀብለው ማሳደግና ማስተማር ያዙ።

ከእነዚህ አንዱ ሂካ ነው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ ተነጥቆ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምፅዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣው። በ1872 ሲጠመቅ በፊልሞና መልእክት ውስጥ ያለውን የባሪያውን ስም፣ ኦነሲሞስን፣ ተቀበለ። ነጻ ለወጣ ልጅ ይህን ስም መስጠት ዛሬ ለሚያነብ ሰው ሳይከብድ አይቀርም። ግቢው ያሳድጋል፣ ያለብሳል፣ ያስተምራል፤ ማንነትንም በራሱ አምሳል ይቀርጻል።

ኦነሲሞስ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። ሲመለሱ በ1881 በሱዳን በኩል ወለጋ ለመግባት ሞከሩ፤ አልሆነም። እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። እዚህ ላይ ችግር ገጠማቸው፤ በልጅነቱ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው የአዋቂውን አነጋገር ከየት ያመጣዋል? ሸንጎ ላይ አልተቀመጠ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ሲያስታርቅ አልሰማ።

ችግሩን ያቃለለችው ሌላዋ የግቢው ልጅ ናት። አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ተወለደች፤ የሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት ነበር። በ1886 ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የጣሊያን ባሕር ኃይል ጀልባዋን ያዘና እምኩሉ ደረሰች። ከኦነሲሞስ ዘግይታ የተነጠቀች በመሆኗ ብዙ ነገር በአእምሮዋ ይዛ መጥታለች። የቋንቋ ስጦታዋን ያስተዋሉት ኦነሲሞስ ወደ ሥራው አስገቧት። ወደ 15,000 ቃላት የያዘ መዝገብ ተዘጋጀ። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን እያስታወሰች ወደ 500 የሚጠጋ ጻፈች፤ ከፊሉ በ1894 እዚያው እምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ በ«ጀልቀባ ባርሲሳ» ውስጥ ገባ።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህን መጽሐፍ ነው። የእምኩሉ ማተሚያ የተተከለው ለወንጌል ነበር፤ አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 የወጣውም ከዚያው ነው። በማግስቱ ዓመት ግን ያው ማተሚያ፣ አንዲት ተሸጣ የነበረች ልጅ ከቤቷ ይዛ የቀረችውን ተረትና ዘፈን ለሌሎች ልጆች በፊደል አተመ። ልጅነቷን የቀሟት ሰዎች ያንን መቀማት አልቻሉም። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ እሱም በግእዝ ፊደል ነው።

በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ነቀምቴ ገቡ። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) ተቀበሏቸው፤ በኦሮምኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ተከፈተ። የኦርቶዶክስ ካህናት ግን አልወደዱትም። በ1906 ጉዳዩ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ኦነሲሞስ ግዞት ተፈረደባቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው፣ እንዳይሰብኩ ከልክለው ወደ ነቀምቴ መለሷቸው። ለመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። በ1931 አረፉ።

ከዚያ ወዲያ በነዚህ ግቢዎች ዙሪያ ያደጉትን መቁጠር ያስቸግራል። የደምቢ ዶሎው ዓይነ ስውር ቄስ የጊዳዳ ሶላን ልጅ ዶክተር ነጋሶ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት ነበሩ። በ1929 ቦጂ የተወለዱት ጉዲና ቱምሳ ነቀምቴ በሚሽኑ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በሆስፒታልም ሠሩ። አስቴር ጋኖ በ1964 ሲያርፉ ጉዲና አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ በሉተር ሴሚናሪ ተማሪ ነበሩ። ተመልሰው በ1966 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1979 ሐምሌ የደርግ ሰዎች ወስደው ገደሏቸው።